ሰባት ዕቃ፣ ሁለት መኪና፣ አምስት ደንብ

መርካቶን ለማያውቅ ሰው ሰፈሩ ሁሉ የተደበላለቀ ይመስለዋል። ገበያውን የሚያውቀው ግን ከቤቱ የሚነሣው ተራውን ጠርቶ ነው፤ በርበሬ ተራ፣ ጎማ ተራ፣ ሸማ ተራ፣ ድር ተራ፣ ሳጥን ተራ፣ ጭድ ተራ እያለ። ጣሊያን በወረራው ዘመን የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ከገፋው ወዲህ በጉልቱ ቦታ ፎቅ ቆሟል፤ ሸቀጡም ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። ተራ የሚባለው ነገር ግን አልቀረም። ሻጭና ገዢ ሳይጠፋፉ የሚገናኙት በዚሁ ምደባ ነው። ምን ከምን ጋር ይሆናል? ምን ከምን ይለያል?

ይህ ጥያቄ ለጭድ ተራ ባለመጋዘን የዕለት ሥራው ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ከ40 ዓመት በላይ ሕግ መማር የሚፈልጉ ወጣቶች ሲፈተኑበት ኖሯል። ፈተናው «ኤልሳት» ይባላል። የሕግ ትምህርት ቤቶች ተማሪ የሚመርጡበት የመግቢያ ፈተና ሲሆን፣ አንደኛው ክፍሉ በተፈታኞች ዘንድ «የሎጂክ ጨዋታ» በሚል ስም ይታወቅ ነበር። ጨዋታዎቹ በሁለት ዋና ጎራ ይከፈላሉ። አንደኛው ማን ይቀድማል፣ ማን ይከተላል የሚል የሰልፍ ጨዋታ ነው። ሁለተኛው ማን ከማን ጋር ይመደባል የሚል የምደባ ጨዋታ ነው። እዚህ የምንተዋወቀው ከሁለተኛው ጋር ነው። የሚጠይቀው የሒሳብ ቀመር ወይም የሕግ ዕውቀት የለም። ከተፈታኙ የሚፈልገው ደንቡ ያለውን ሁሉ መውሰድን፣ ያላለውን ደግሞ አንዲት ቃል አለመጨመርን ነው። ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ሰው የወደቀው እዚሁ ላይ ነው።

ፈተናው ከየት መጣ?

ኤልሳት ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1948 ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ ሕግ ትምህርት ቤት የሚያመለክተው ሰው በዝቶ ነበር። አንዱ ከትልቅ ዩኒቨርሲቲ፣ ሌላው ስሙ ካልተሰማ ኮሌጅ ይመጣል። የአንዱን «ኤ» ከሌላው «ኤ» ጋር ማወዳደር ስላዳገተ ሁሉም እኩል የሚቀርብበት አንድ ሚዛን ተፈለገ። የዛሬው ውጤት ከ120 እስከ 180 ባለው መለኪያ ይሰጣል።

የሎጂክ ጨዋታው ክፍል የመጣው ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ለክፍሉ 35 ደቂቃ ተመድቦለት አራት ጨዋታዎች ይቀርቡ ነበር፤ በአራቱ ሥር 23 ገደማ ጥያቄዎች ነበሩ። ለአንድ ጨዋታ የሚደርሰው ዘጠኝ ደቂቃ እንኳ አይሞላም ነበር። በዚያች ጊዜ ታሪኩን ማንበብ፣ ደንቦቹን መረዳት፣ ንድፍ መሥራት፣ አምስት ወይም ስድስት ጥያቄ መመለስ ይጠበቅ ነበር።

ጨዋታው የሕግ አመልካቾች ብቻ አልነበረም። ለሌላ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ወደ አሜሪካ የሚያመለክቱ ሰዎች የሚወስዱት «ጂአርኢ» የተባለው ፈተናም እስከ እ.ኤ.አ. 2002 ድረስ እንዲህ ዓይነት ጥያቄዎች ያሉበት የትንተና ክፍል ነበረው። በዚያ ዘመን ከአዲስ አበባ ተነሥተው ለማስተርስና ለዶክትሬት ያመለከቱ ኢትዮጵያውያን ከእነዚህ ምደባዎች ጋር ተፋጠዋል።

ነብር፣ ፍየልና ቅጠል

የጨዋታው መልክ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ዘሩ ግን ከእኛም ቤት አለ። ነብር፣ ፍየልና ቅጠል ይዞ ወንዝ ስለሚሻገረው ሰው በልጅነቱ ያልተጠየቀ ጥቂት ነው። ሰውየው በአንድ ጊዜ ከአንዱ በላይ ይዞ መሻገር አይችልም። እሱ በሌለበት ነብርና ፍየል አንድ ላይ ከቀሩ ነብሩ ፍየሏን ይበላል፤ ፍየልና ቅጠል ከቀሩ ፍየሏ ቅጠሉን ትጨርሰዋለች። አውሮፓ ውስጥም ጥያቄው በተኩላ፣ በፍየልና በጎመን ይታወቃል። ከስምንተኛው መቶ ዘመን ሊቅ ከአልኩይን ጋር ተያይዞ በሚጠቀስ የእንቆቅልሽ ስብስብ ውስጥም ይገኛል።

ተረቱን ብናራግፈው የሚቀረው የምደባ ጨዋታ ነው። ሁለት ዳርቻ ማለት ሁለት ምድብ ነው። ሁለት «አይገናኙም» የሚሉ ደንቦች አሉ። ሁለቱም ደንቦች የሚነኩት አንዱን፣ ፍየሏን ነው። መፍትሔውም ከዚሁ ይጀምራል፤ መጀመሪያ የምትሻገረው ፍየሏ ናት፣ ተመልሳ የምትመጣውም እሷ ናት፣ መጨረሻ የምትሻገረውም እሷ ናት። በሰባት ጉዞ ሁሉም በሰላም ይሻገራሉ። ነብሩን ወይም ቅጠሉን መነሻ ያደረገ ሰው በመጀመሪያው ጉዞ ይከስራል። ብዙ ደንብ የሚነካውን ፈልጎ ከእሱ መጀመር የኤልሳት አሠልጣኞች ለተማሪዎቻቸው ደጋግመው ይነግሩት የነበረ ምክር ነው። እኛ ይህንኑ ከእሳት ዳር ተምረነዋል።

ሦስት ዓይነት ምደባ

የምደባ ጨዋታ በሦስት መልክ ይመጣል። የመጀመሪያው መምረጥ ነው። ለምሳሌ ስምንት ዕጩዎች ቀርበው አምስቱ ለኮሚቴ ይመረጣሉ። ምድቦቹ ሁለት ናቸው፤ የገባና የቀረ። እዚህ ላይ የሚረሳው «የቀረ» የሚለው ምድብ ነው። አምስት ገቡ ማለት ሦስት ብቻ ቀሩ ማለት ስለሆነ፣ ከውጭ ያለው ቦታ ሲሞላ የተረፈው ሁሉ ሳይጠየቅ ይገባል።

ሁለተኛው ማከፋፈል ነው። ማንም አይቀርም፤ ሁሉም ከሁለት ወይም ከሦስት ምድብ ወደ አንዱ ይሄዳል። ሦስተኛው ማዛመድ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ወይም ከዚያ በላይ ባሕርይ ይሰጠዋል፤ ለምሳሌ ሦስት ሱቆች እያንዳንዳቸው ከአራት ዓይነት ሸቀጥ የትኞቹን እንደሚሸጡ ማወቅ። እዚህ አንዱ ሸቀጥ በሁለት ሱቅ ሊገኝ ስለሚችል ጉዳዩ ይወሳሰባል።

በሦስቱም ፊት መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ቁጥር ነው። ስንት ምድብ አለ? እያንዳንዱ ስንት ይይዛል? አንዱ በሁለት ምድብ መግባት ይችላል? ባዶ የሚቀር ምድብ አለ? ለእነዚህ መልስ ሳያገኝ ወደ ደንቦቹ የሮጠ ተፈታኝ ኋላ ተመልሶ ያነባል፤ ያች መመለስ ደግሞ ጊዜውን ትበላዋለች።

ከጭድ ተራ የሚወጣ ጭነት

አሁን አንድ ጨዋታ ከራሱ ከገበያው እንፍጠር። ጭድ ተራ ያለ አንድ መጋዘን ሁለት አይሱዙ ሊያስጭን ነው እንበል። አንዱ ለደሴ፣ ሌላው ለጅማ። የሚጫነው ሰባት ዓይነት ዕቃ ነው፦ በርበሬ፣ ዱቄት፣ ላምባ፣ ሳሙና፣ ፍራሽ፣ ጎማና ጨው። እያንዳንዱ ዓይነት ሙሉ በሙሉ በአንዱ መኪና ይሄዳል፤ መጋዘን ውስጥ የሚቀር የለም። ደንቦቹ አምስት ናቸው።

አንድ፦ ላምባና ዱቄት በአንድ መኪና አይጫኑም።
ሁለት፦ ሳሙናና በርበሬ በአንድ መኪና አይጫኑም።
ሦስት፦ ጎማና ሳሙና በአንድ መኪና ይጫናሉ።
አራት፦ ላምባ ወደ ደሴ ከሄደ ፍራሽም ወደ ደሴ ይሄዳል።
አምስት፦ የደሴው መኪና በትክክል ሦስት ዓይነት ዕቃ ይጭናል።

ደንብ ባይኖር ሰባቱን ዕቃ በሁለት መኪና ማከፋፈያው መንገድ 128 ነው፤ ለእያንዳንዱ ዕቃ ሁለት ምርጫ ስላለ ሁለትን ሰባት ጊዜ ማባዛት ነው። አምስተኛው ደንብ ብቻውን ይህን ወደ 35 ያወርደዋል። 35ቱን አንድ በአንድ ጽፎ የሚጨርስበት ደቂቃ ያለው ተፈታኝ የለም። ስለዚህ ደንቦቹን እርስ በርስ ማጋባት ግድ ይላል።

ከመጀመሪያው እንነሣ። ላምባና ዱቄት አይገናኙም። መኪኖቹ ሦስት ወይም አራት ቢሆኑ ይህ ደንብ ብዙም አይጠቅመንም ነበር። ሁለት ብቻ ስለሆኑ ግን ሌላ ነገር ይነግረናል፤ አንዱ ደሴ፣ ሌላው ጅማ መሄዱ ግድ ነው። የትኛው የት እንደሚሄድ ገና ባናውቅም፣ በደሴው መኪና ላይ ከሦስቱ ቦታ አንዷ በላምባ ወይም በዱቄት ተይዛለች። ተፈታኞች ይህንን በወረቀታቸው ላይ «ላ/ዱ» ብለው ያሰፍሩታል።

ሁለተኛውም እንዲሁ ነው። ሳሙናና በርበሬ አንዱ ደሴ፣ አንዱ ጅማ ይወርዳሉ። ሦስተኛው ደንብ ጎማን ከሳሙና ጋር ስላሰረው ጎማና በርበሬም አይገናኙም ማለት ነው። ይህ በደንቡ አልተጻፈም፤ ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ጋብቻ የተወለደ ነው። እንግዲህ ሁለት መንገድ ብቻ ቀረ። ወይ ሳሙናና ጎማ ደሴ ሄደው በርበሬ ጅማ ይሄዳል፤ ወይ በርበሬ ደሴ ሄዶ ሳሙናና ጎማ ጅማ ይሄዳሉ።

የመጀመሪያውን መንገድ እንያዝ። ሳሙናና ጎማ በደሴው መኪና ላይ ሁለት ቦታ ይዘዋል፤ «ላ/ዱ» ሦስተኛዋን ይዟል። መኪናው ሞላ። ፍራሽና ጨው የግዳቸውን ወደ ጅማ ይሄዳሉ። አሁን አራተኛው ደንብ ይነሣል። ላምባ ደሴ ቢሄድ ፍራሽ ሊከተለው ይገባ ነበር፤ ፍራሽ ግን ጅማ ሄዷል። ስለዚህ ላምባ ደሴ ሊሄድ አይችልም፤ የሄደው ዱቄት ነው። ውጤቱ አንድ ብቻ ነው፤ ደሴ፦ ዱቄት፣ ሳሙና፣ ጎማ። ጅማ፦ ላምባ፣ በርበሬ፣ ፍራሽ፣ ጨው።

ሁለተኛው መንገድ ትንሽ ሰፋ ይላል። በርበሬ ደሴ ነው፤ «ላ/ዱ» ሁለተኛዋን ቦታ ይዟል፤ አንዲት ቦታ ከፍራሽና ከጨው ለአንዱ ትቀራለች። ደሴ የሄደው ላምባ ከሆነ ፍራሽ ይከተለዋል፤ ደሴ፦ ላምባ፣ በርበሬ፣ ፍራሽ። ደሴ የሄደው ዱቄት ከሆነ ግን አራተኛው ደንብ አይነሣም፤ ቀሪዋን ቦታ ፍራሽም ጨውም ሊይዛት ይችላል። ስለዚህ ዱቄት፣ በርበሬ፣ ፍራሽ ወይም ዱቄት፣ በርበሬ፣ ጨው ይሆናል።

ሁሉም ሲደመር አራት ብቻ ነው። 128 የነበረው 35 ሆነ፤ 35ቱ ደግሞ አራት። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ሁሉ አራቱን መስመር ማየት ብቻ ይሆናል።

ጥያቄዎቹ እንዴት ይመጣሉ?

ጨዋታው የሚጠይቀው በሦስት ቃል ነው ቢባል ማጋነን አይደለም፤ ግድ ነው፣ ይቻላል፣ አይቻልም። ሦስቱን ያላምታታ ተፈታኝ ግማሹን መንገድ ጨርሷል።

«ጎማ ወደ ደሴ ከሄደ፣ ከሚከተሉት ግድ እውነት የሚሆነው የትኛው ነው?» ጎማ ደሴ ያለበት መስመር አንድ ብቻ ስለሆነ ዱቄት ደሴ መሄዱ ግድ ነው፤ ላምባም ጅማ መሄዱ ግድ ነው። ከምርጫዎቹ አንዱ ከእነዚህ አንዱን ይይዛል።

«ከሚከተሉት ጥንዶች አብረው ወደ ደሴ ሊሄዱ የማይችሉት የትኞቹ ናቸው?» ላምባና ጨው። ላምባ ደሴ ሲሄድ ፍራሽን ይጎትታል፤ ሳሙና ወይም በርበሬ ደግሞ አንዱ እዚያ መኖሩ አይቀርም። ለጨው የተረፈ ቦታ የለም። ላምባንና ጨውን በቀጥታ የሚያገናኝ ደንብ ግን አንድም የለም። የምደባ ጨዋታ ጌጡ እዚህ ላይ ነው፤ ተለያይተው የተጻፉ ሁለት ስሞች በቦታ ጥበት ይጣላሉ።

«ጨው ወደ ደሴ ከሄደ፣ የስንት ዕቃ መድረሻ ሙሉ በሙሉ ይታወቃል?» የሰባቱም። ጨው ደሴ ያለው በአንድ መስመር ብቻ ነው።

መጀመሪያ ላይ የሚመጣው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ቀላሉ ነው። አምስት ዝርዝሮች ይቀርቡና ከደንቦቹ ጋር የማይጋጨው ይመረጣል። ብልሁ ተፈታኝ ዝርዝሮቹን አንድ በአንድ አያነብም። ደንቦቹን አንድ በአንድ ይዞ ዝርዝሮቹን ያጣራል፤ አንደኛው ደንብ አንዱን ይጥላል፣ ሁለተኛው ሌላውን፤ የተረፈው መልስ ነው።

ሁለት ወጥመዶች

የመጀመሪያው ወጥመድ የተገለበጠ «ከሆነ» ነው። አራተኛው ደንብ ላምባ ደሴ ከሄደ ፍራሽም ደሴ ይሄዳል ይላል። ፍራሽ ደሴ ከሄደ ላምባም ይሄዳል አላለም። ዱቄት፣ በርበሬና ፍራሽ ደሴ ሲሄዱ ላምባ ጅማ ነው፤ ደንቡም አልተጣሰም። ከዚህ ደንብ በእርግጠኝነት የሚወጣው ሌላው እውነት ይኸ ነው፤ ፍራሽ ጅማ ከሄደ ላምባ ጅማ ነው። ተከታዩ ከሌለ መሪውም የለም ማለት ነው።

ይህ የጨዋታ ሥነ ሥርዓት ብቻ እንዳይመስለን። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 7 ወንድም ሆነ ሴት 18 ዓመት ሳይሞላቸው ጋብቻ መፈጸም እንደማይችሉ ይደነግጋል። ከዚህ ተነሥቶ «18 ከሞላው ማግባት ይችላል» የሚል ሰው ደንቡን ገልብጦታል። ሕጉ የተጋቢዎችን ነጻ ፈቃድ ይጠይቃል፤ የሥጋ ዝምድናንና ቀድሞ ያለ ጋብቻን ይከለክላል። 18 መሙላት አንዱ በር እንጂ ሙሉው መንገድ አይደለም። አንቀጹ ደግሞ ልዩ ሁኔታም አለው፤ የፍትሕ ሚኒስትሩ በከባድ ምክንያት ከሁለት ዓመት የማይበልጥ ቅናሽ ሊፈቅድ ይችላል። «ካልሆነ በስተቀር» የምትለዋን ሐረግ የዘለለ ጠበቃ ጉዳዩን ይዞ ይወድቃል። የምደባ ጨዋታ የሚያሠለጥነው ዓይን ይህንን እንዳይዘል ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ከመጀመሪያው የባሰ ነው፤ ምክንያቱም የሚይዘው አላዋቂውን ሳይሆን አዋቂውን ነው። ከአራቱ መስመር በአንዱ ዱቄትና ሳሙና በአንድ መኪና ወደ ደሴ ይሄዳሉ። መርካቶ ዕቃ ሲጭን ያደገ ልጅ ይህን ሲያይ አይቀበለውም። «ጋሼ፣ ዱቄቱ እኮ የሳሙና ሽታ ይዞ ነው የሚደርሰው፤ ማን ይገዛዋል?» ይላል። በገበያው ሚዛን ትክክል ነው። በጨዋታው ሚዛን ግን ተሳስቷል። አምስቱ ደንቦች ላምባን ከዱቄት ለዩ እንጂ ሳሙናን ከዱቄት አልለዩም። የሚያውቀውን ጨምሮ ያነበበ ተፈታኝ ይህን መስመር ይሰርዛል፤ መልሱም አብሮ ይሰረዛል።

እዚህ ላይ ጨዋታው ከሕግ ሙያ ጋር ይገናኛል። በድሮው ሙግት በላ ልበልሃ ብሎ የቆመ ሰው የሚያዘው በተናገረው ቃል ነበር፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ዛሬም ዳኛ ፊት ክርክሩ የሚቆመው በተጻፈው ላይ ነው። ጠበቃ ጽሑፉ ቢል ደስ የሚለውን ሳይሆን ጽሑፉ ያለውን መጀመሪያ ማወቅ አለበት። ጽሑፉ ክፍተት ካለው ክፍተቱን የሚያየውም ያልተጻፈውን ከተጻፈው ለይቶ ያነበበ ሰው ብቻ ነው። ባለመጋዘኑ ስድስተኛ ደንብ ማውጣት ይችላል፤ ማውጣትም አለበት። ጫኙ ግን ያልወጣውን ደንብ እንደወጣ አድርጎ ሊያነብ አይገባውም። ሕግ አውጪውና ሕግ ተርጓሚው የሚለያዩትም በዚሁ ነው።

ጨዋታው ለምን ቀረ?

ኤልሳት የሎጂክ ጨዋታውን ለመጨረሻ ጊዜ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 ነው። ከነሐሴ 2024 ጀምሮ ቦታውን ሁለተኛ የክርክር ትንተና ክፍል ወስዶታል። ለውጡ የመጣው ከፍርድ ቤት በር ነው። አንጀሎ ቢኖ የተባለ ዓይነ ሥውር የሚቺጋን ነዋሪ እ.ኤ.አ. በ2011 ክስ መሠረተ፤ ያኔ የከሰሰው የአሜሪካን ጠበቆች ማኅበር ነበር። ኋላ ክሱ ወደ ፈተናው አዘጋጅ ዞረ፤ ሼሊሻ ቴይለር የተባለች ሌላ ዓይነ ሥውር አመልካችም ነበረችበት። ክርክራቸው ግልጽ ነበር፤ ጨዋታው በወረቀት ላይ ንድፍ ለሚሥል ሰው የተሠራ ነው፣ ማየት የማይችል ሰው ደግሞ ያንን መሣሪያ ተነፍጓል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 ተስማሙ። አዘጋጁ በአራት ዓመት ውስጥ ትንታኔን የሚለካበት ሌላ መንገድ እንዲያጠና ቃል ገባ፤ ጥናቱም ክፍሉን በማስቀረት ተደመደመ።

ብዙ ተፈታኞች አዝነዋል። ይህ ክፍል በልምምድ በፍጥነት የሚሻሻል ነው የሚል ስም ነበረው፤ መጀመሪያ ግማሹን የሳተ ሰው ከወራት ልምምድ በኋላ ጥቂት ብቻ ሲስት ይታይ ነበር። ቢሆንም ክርክሩ ትክክለኛ ጥያቄ አንሥቷል። ሊለካ የተፈለገው ማሰብ ነው ወይስ መሣል? ከላይ የሠራነውን ጨዋታ ልብ ብለን ብናየው ንድፉ ያደረገልን ማስታወስን ነው፤ ደንብን ከደንብ ያጋባው ሐሳባችን ነበር። ያ ሐሳብ በአዲሱ ፈተናም አለ፤ ልብሱን ቀይሮ በአንቀጽ መልክ ይመጣል። «ከሆነ»ን የሚገለብጥ ሰው እዚያም ይወድቃል።

ለእኛ ተማሪ ምን ይጠቅማል?

ኢትዮጵያ ውስጥ የሕግ ትምህርት በጥቅሉ የሚጀመረው ከሁለተኛ ደረጃ በኋላ ስለሆነ ኤልሳትን የመሰለ ለሕግ ብቻ የተለየ መግቢያ የለም። የምደባ ጨዋታ ዘመዶች ግን በየፈተናው አሉ። በ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ተማሪዎች «አፕቲትዩድ» የሚሉት ፈተና ማን ከማን አጠገብ ተቀመጠ ዓይነት ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ዩኒቨርሲቲ የገባ ሁሉ በመጀመሪያ ዓመት ሎጂክና ሒሳዊ አስተሳሰብ የሚል ኮርስ ይወስዳል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለማስተርስና ለዶክትሬት የሚያመለክት ሰው በትምህርት ሚኒስቴር የሚዘጋጀውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ያልፋል፤ የትንተና ችሎታ እዚያም ይፈተሻል። አሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያን ልጆች ደግሞ ሕግ ሲያስቡ ፊት ለፊታቸው ያለው ያው ኤልሳት ነው። ጨዋታው ከፈተናው ቢወጣም የቆዩት የፈተና ወረቀቶች ለልምምድ የሚሆኑ ናቸው።

ለልምምድ ውድ መጽሐፍ አያስፈልግም። ለክፍል ጓደኛ ወይም ለታናሽ ወንድም ጨዋታ መፍጠር ከመፍታት የበለጠ ያስተምራል። ደንብ ሲያንስ መስመሩ ይበዛል፤ ደንብ ሲበዛ አንድም መስመር ላይቀር ይችላል። የሚጥም ጨዋታ ማውጣት ማለት በሁለቱ መካከል ያለችውን ቦታ ማግኘት ነው። ፈጣሪው የራሱን ደንብ ደጋግሞ ሲያነብ አንድ ቃል፣ «ብቻ»ም ትሁን «ቢያንስ»፣ መፍትሔውን እንዴት እንደምታናውጥ ያያል። ሕግ የሚያረቅ ሰው ሥራም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ለመጀመሪያ ልምምድ አንድ ቃል ብቻ እንለውጥ። አምስተኛው ደንብ የደሴው መኪና በትክክል አራት ዓይነት ዕቃ ይጭናል ይበል፤ የቀሩት አራት ደንቦች እንዳሉ ይቆዩ። አሁን ስንት መስመር ይቻላል? ወረቀት ይዞ «ላ/ዱ» ብሎ መጀመር ነው። አምስት ያገኘ ሰው በትክክል ሠርቷል። ከአምስት በላይ ያገኘ አንድ ደንብ ረስቷል። ከአምስት በታች ያገኘ ደግሞ ያልተጻፈ ደንብ ጨምሯል፤ ምናልባት ዱቄትና ሳሙናን ለይቶ ይሆናል።